የልብ መሣሪያና የመጨረሻው ሰዓት ውሳኔ

በዋርሶ ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመዶቹን አጥቶ በስደት የተረፈው ሐኪም ሚሼል ሚሮቭስኪ በእስራኤል አገር በሥራ ላይ ሳለ፣ እንደ መምህሩ የሚያከብራቸው አለቃው ፕሮፌሰር ሃሪ ሄለር የልብ ምት መታወክ ደጋግሞ ያገኛቸው ጀመር፤ በመጨረሻም በ1966 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በድንገት አረፉ። ከዚያ ኀዘን በኋላ ሚሮቭስኪ አንድ አሳብ አላስተኛው አለ። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ ልቡ ቢታወክ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ልብን ወደ ሥርዓቷ የሚመልሰው ትልቅ መሣሪያ በአጠገቡ አለና ይድን ይሆናል፤ በቤቱ ወይም በመንገድ ላይ ሳለ ቢታወክ ግን የሚደርስለት የለም፤ እንግዲህ ሰውን ዕድሜውን ሙሉ በሆስፒታል ማኖር የማይቻል ከሆነ፣ መሣሪያውን አሳንሶ በሰውየው ደረት ውስጥ ማኖር ለምን አይቻልም? ይህን አሳብ ይዞ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ባልቲሞር ከተማ ተሻግሮ ከባልደረባው ከሞርተን ማወር ጋር ሲደክም የዘመኑ ታላላቅ የልብ ሐኪሞች ነቀፉት፤ ከነቃፊዎቹም አንዱ ያንኑ በውጭ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለሕክምና ያበቁት ዶክተር በርናርድ ላውን ነበሩ። ሚሮቭስኪ ግን አልተመለሰም፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1980 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል መሣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንዲት የ57 ዓመት ሴት አካል ውስጥ ተተከለ፤ በ1985ም የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቀደው።

ዲፊብሪሌተር የሚባለው ይህ መሣሪያ ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ የብረት ሣጥን ሆኖ፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ በደረት ቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ከእርሱም የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በደም ሥር ውስጥ አልፎ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይገባል። ሌሊትና ቀን እያንዳንዱን የልብ ምት ሲከታተል ይኖርና፣ የልብ የታችኛው ክፍል ደም መርጨቱን ትቶ በከንቱ መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ፣ በሰከንዶች ውስጥ ኃይሉን አከማችቶ እስከ 40 ጁል ገደማ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ምት ይለቅቃል፤ ልብም ወደ ሥርዓቷ ትመለሳለች። አእምሯቸውን ሳይስቱ ይህ የደረሰባቸው ሰዎች በቅሎ ደረታቸውን የረገጠቻቸው ያህል እንደሚሰማቸው ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ልጆቹን ገና አሳድጎ ላልጨረሰ የ50 ዓመት ሰው ያ ሥቃይ የሕይወቱ ዋጋ ነውና በምስጋና ይቀበለዋል፤ በዚህ መሣሪያ ከድንገተኛ ሞት ተርፈው ልጅ የዳሩ፣ የልጅ ልጅም ያዩ ብዙዎች ናቸውና፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህን ጥበብ ክብር ለማሳነስ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው መሣሪያው የልብን ምት እንጂ የሰውየውን ዘመን ለማወቅ የማይችል በመሆኑ ነው። ያ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በካንሰር፣ ወይም በኩላሊት ድካም፣ ወይም ልቡ ራሱ ፈጽሞ ዝሎ ወደ ሞት በቀረበ ጊዜ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና ጨው ሚዛኑን ስለሚስት የልቡ ምት ሊታወክ ይችላል፤ ነፍስ ከሥጋ ከምትለይባቸው የተፈጥሮ መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ቤተ ዘመዱ ፍጻሜውን ተቀብሎ፣ ሐኪሙም ከእንግዲህ ሥቃዩን ከማስታገሥ በቀር የማደርገው የለኝም ብሎ፣ አበ ነፍሱም ጸሎቱን አድርሶለት ሳለ፣ ምንም ያልተነገረው መሣሪያ ብቻ እንደ ወትሮው ይመታዋል፤ ልብ ለጥቂት ጊዜ ትመለስና እንደገና ትታወካለች፤ መሣሪያውም እንደገና ይመታል። እንዲህ ያለውን ጣዕረ ሞት ያመጣው ተፈጥሮ አይደለም፤ አስቀድሞ ያሰበና የተናገረ ሰው መጥፋቱ ነው።

ነገሩ በአሳብ ብቻ የሚፈራ እንዳይመስል፣ ናታን ጎልድስታይን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ያሳተሙትን ጥናት መመልከት ይበቃል። ዲፊብሪሌተር ተተክሎላቸው የሞቱ የ100 ሰዎች የቅርብ ዘመዶች ተጠይቀው እንደ መለሱት፣ ሐኪም መሣሪያውን ስለ ማጥፋት አንሥቶ የተነጋገረው ስለ 27ቱ ብቻ ነበር፤ ከዚያም የሚበዛው ንግግር የተደረገው ሞት የጥቂት ቀን መንገድ ሲቀረው ነው፤ 8ቱ ደግሞ ሊሞቱ ደቂቃዎች ሲቀሯቸው በመሣሪያው ተመትተዋል። ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በበኩላቸው ከሙታን አካል የወጡትን መሣሪያዎች መዝገብ መርምረው በ2014 እንዳስታወቁት፣ ከ100ው 31ዱ በመጨረሻው 24 ሰዓት ውስጥ ተመትተው ነበር። ከሙታኑም ብዙዎቹ ልባቸው ቢቆም ለማስነሣት እንዳይሞከር በሐኪም ትእዛዝ ተጽፎላቸው ነበር፤ ለሚበዙቱ ግን ትእዛዙ ለነርሷና ለሐኪሙ ተነገረ እንጂ በደረታቸው ውስጥ ላለው መሣሪያ ያደረሰለት አልነበረም። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ «አታስነሡኝ» የሚለው ወረቀት ቢፈረም እንኳ መሣሪያው በወረቀት አይጠፋም።

ለማጥፋት ደግሞ ቀላል ነው። ቢላዋ አይነካውም፤ ሕመም የለውም፤ ባለሙያው የማዘዣውን ኮምፒዩተር ይዞ ከሕመምተኛው አጠገብ ይቀመጥና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የመምታት ሥልጣኑን ይገፍፈዋል፤ የልብን ምት የማስተካከል ተግባር ደርቦ የያዘ እንደ ሆነም እርሱን ሳይነካ ሊተወው ይችላል። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ የሚያስጨንቅ ነገር ቢደርስ፣ ለዚሁ የተሠራ ማግኔት በደረቱ ላይ በመሣሪያው አንጻር ቢቀመጥ፣ በዚያው እስካለ ድረስ አብዛኛዎቹን መሣሪያዎች ከመምታት ይከለክላቸዋል። መምታቱ በመጥፋቱም ሰውየው በዚያች ሰዓት አይሞትም፤ በመሣሪያው መጥፋት ምክንያት የሚሰማውም ለውጥ የለም፤ የሞት ምክንያት የሆነው ደዌ በራሱ ጊዜ ሲመጣ የሚከላከለው አይኖርም ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ የዲፊብሪሌተሩን ምት ስለ ማጥፋት ብዙ የሚያከራክር ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ሕመምተኛው ከፈቀደ ሊደረግ የሚገባው የርኅራኄ ሥራ ነው።

ፔስሜከር ግን ሌላ ነው። እርሱ ዝግ ብላ የምትመታን ልብ በየምቱ በቀስታ የሚቀሰቅስ፣ ባለቤቱም ምንም ሳይሰማው የሚኖር ረዳት ነው። ኦክቶበር 8 ቀን 1958 በስቶክሆልም አጠገብ በካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ ቀዶ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት የሠሩትን የመጀመሪያውን መሣሪያ በአርነ ላርሶን አካል ውስጥ በተከሉ ጊዜ፣ መሣሪያው የሠራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ላርሶን ግን በየጊዜው እየተለወጠለት 43 ዓመት ቈይቶ፣ ሠሪውንም ተካዩንም ቀብሮ፣ በ2001 በ86 ዓመቱ ከልቡ ሕመም ጋር በማይገናኝ በካንሰር አረፈ። ሰዎች ስለ ፔስሜከር አብዝተው የሚፈሩት «ነፍሱ እንዳትወጣ አስሮ ይይዘዋል» የሚለውን ነው፤ ይህ ፍርሃት ግን መሠረት የለውም። የልብ ጡንቻ በሞተ ጊዜ መሣሪያው ቢቀሰቅሰው አይሰማውምና፣ ሰው ፔስሜከሩ እየሠራ በሰላም ይሞታል፤ ሐኪሞችም ለብዙው ሕመምተኛ ባለበት እንዲተው የሚመክሩት ማጥፋቱ የትንፋሽ ማጠርና የራስ መዞር አምጥቶ ሥቃይ እንዳይጨምርበት ብለው ነው።

ይሁን እንጂ የፔስሜከር ጥያቄ የሚከብድባቸው ቤቶች አሉ። አሜሪካዊቱ ጋዜጠኛ ኬቲ በትለር በ2010 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት፣ በኋላም በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ የአባቷን ነገር ተርካለች። አባቷ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ የታሪክ ሊቅ ሲሆኑ፣ ወደ 80 ዓመት ሲቃረቡ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት የሚያመጣው ስትሮክ አገኛቸው፤ ንግግራቸውም ተሰናከለ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ለሌላ ቀላል ቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ ልባቸው ዝግ ብላ ትመታለችና ፔስሜከር ይተከልላቸው ተባለ፤ ተተከለም፤ ስለሚመጣው ዘመን ግን ከባለቤታቸው ጋር በረጋ መንፈስ ቁጭ ብሎ የተነጋገረ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልባቸው በሥርዓት እየመታች ሳለ አእምሯቸው ደከመ፤ ልብሳቸውን መልበስ፣ ገላቸውን መታጠብ ሁሉ በሚስታቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሚስትየው ባላቸው በተፈጥሮ መንገድ እንዲያርፉ መሣሪያው እንዲጠፋ ለመኑ፤ ሐኪሙ አልፈቀዱም። ሰውየውም በ2008 በ85 ዓመታቸው፣ ፔስሜከሩ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ በሳንባ ምች ሞቱ። እናትየው ይህን ሁሉ አይተው ነበርና፣ በኋላ ለራሳቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ሲቀርብላቸው እምቢ ብለው በ2009 ዐረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ዘወትር የማስበው ስለ ማጥፋቱ ክርክር አይደለም፤ ስለ መትከሉ ቀን ነው። ያን ቀን አንድ ሰው «ይህ መሣሪያ ልባቸውን ይጠብቃል፤ አእምሯቸውን ግን አይጠብቅም፤ አሥር ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ እርስዎና እርሳቸው እንዲህ ያለውን ዘመን ትሻላችሁን?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ የባለቤቶቹ መልስ ይሆን ነበር። የተተከለውን ማጥፋት ሐኪሙንም ሚስቲቱንም ልጂቱንም በሕሊና ፍርድ ፊት ያቆማል፤ ሳይተከል መተው ግን ማንንም በነፍሰ ገዳይነት አያስጠረጥርም።

ማጥፋት ነፍስ መግደል ነውን የሚለው ጥያቄ ከባድ ነውና በመልካም ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ፣ ፔስሜከር ለመጀመሪያ ጊዜ ከመተከሉ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ኖቬምበር 24 ቀን 1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ በተለመደው መንገድ እንዲረዳ ግዴታ እንዳለበት፣ ከልክ ያለፈ ሸክም የሚያመጣውን ልዩ መንገድ ግን እንዲቀበል እንደማይገደድ አስተማሩ። በሕግም በኩል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 በፈረደው ዝነኛ ጉዳይ፣ አእምሮው የተሟላለት ሰው የማይፈልገውን ሕክምና እምቢ የማለት መብት እንዳለው ተቀብሏል። በ2010 የአሜሪካ የልብ ምት ሐኪሞች ማኅበርም ከሌሎች ማኅበራት ጋር ባወጣው መግለጫ፣ የተተከለ መሣሪያ ሥራውን እንዲያቆም ሕመምተኛው መጠየቁ ሌላውን ሕክምና እምቢ ከማለት እንደማይለይ፣ ይህም ሕመምተኛን ከመግደል ፈጽሞ ልዩ እንደ ሆነ፣ ሕሊናው ያልፈቀደለት ሐኪም ለማጥፋት እንደማይገደድ፣ ነገር ግን ሕመምተኛውን ሳይተው ወደ ሌላ ሐኪም ሊያስተላልፈው እንደሚገባ አስታውቋል። የነገሩ ሥር ሦስት ነው፤ አሳቡ ሥቃይን ማራቅ እንጂ መግደል አለመሆኑ፣ የሚገድለው ደዌው እንጂ እጅ አለመሆኑ፣ ከሁሉም በላይ የሕመምተኛው ነጻ ፈቃድ መኖሩ።

እነዚህን ሁሉ ብቀበልም፣ ሙሉ ለሙሉ በፔስሜከር ረድኤት የሚኖር፣ ቢጠፋበት በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞት ሰው ሲሆን፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሐኪም አልፈርድበትም። አንዳንድ ሊቃውንት እንዲህ ያለው መሣሪያ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገዛ አካል ይቈጠራል ብለው ይከራከራሉ። በእስራኤል አገር፣ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ወገኖቻችን በሚኖሩበት፣ በፕሮፌሰር አብርሃም ስታይንበርግ ሰብሳቢነት ሐኪሞች፣ ሕግ ዐዋቂዎችና የሃይማኖት ሊቃውንት መክረውበት በ2005 የወጣው ሕግም ይህን ጭንቀት ያሳያል፤ ቀሪ ዕድሜው ከስድስት ወር እንደማያልፍ ለተገመተ ሕመምተኛ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ሕክምና እንዳይቋረጥ ከልክሎ፣ በየጊዜው እየተከፈለ የሚሰጠው ግን በፈቃዱ እንዳይደገም ይፈቅዳል። በዚህ ሚዛን ሲታሰብ፣ ዘወትር የሚሠራው ፔስሜከርና በአጋጣሚ ብቻ የሚመታው ዲፊብሪሌተር አንድ ክብደት አይኖራቸውም፤ እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ በደከመች ልብ ፋንታ ደም የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ሞት ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይመጣልና። የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና ዋስትና ለዚህ ፓምፕ ለመክፈል፣ ከ2013 ጀምሮ በሐኪሞቹ ጉባኤ መካከል የማስታገሻ ሕክምና ዐዋቂ እንዲኖር ማዘዙ እጅግ መልካም ሥራ ነው።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን ልመለስ። ዲፊብሪሌተር መጀመሪያ የተተከለበት የሜሪላንድ ግዛት ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው፤ ልጆች ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት አምጥተው ያስታምማሉ፤ ሐኪሙም በእንግሊዝኛ የተናገረውን ልጅ ለአባቱ በአማርኛ ይተረጉማል። በዚህ መካከል የሚጠፋ ብዙ ነገር አለ። ሐኪሙ «በሽታው ከእንግዲህ አይድንም፤ መሣሪያውን ስለ ማጥፋት ምን ያስባሉ?» ሲል፣ ልጁ አባቱ እንዳይደነግጡ ብሎ «አይዞህ፣ ደኅና ነህ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰድ ይልሃል» ብሎ ይተረጉማል። ይህ ከፍቅር የሚመጣ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግን ለአባትየው ጉዳት ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበትና፣ እንዲህ ላለው ቀን ልጅ ከአስተርጓሚነት ወርዶ ልጅ ሆኖ ቢቀመጥ ይሻላል።

ክፉ ወሬን ከሕመምተኛ መሰወር የአባቶቻችን ልማድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ይመስለኛል። እነዚያው አባቶች ሰው በጠና ሲታመም የንስሐ አባቱን ያስጠሩ ነበር፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ኑዛዜውን ይሰማ፣ ዕዳውንና አደራውን ይመዘግብ፣ የተጣላውን ያስታርቅ ነበር፤ ጸሎተ ቀንዲል ይደረስለት፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበል ነበር፤ ሙስሊሙም ወሲያውን (ኑዛዜውን) ለቤተሰቡ ይናገር ነበር። ያለ ኑዛዜና ያለ ንስሐ በድንገት መሞት እንደ ታላቅ ጉዳት ይቈጠር ስለ ነበር፣ ሰውየው መንገዱ መቅረቡን የሚያውቅበት ሥርዓት ተዘጋጅቶለት ነበር። እውነቱን የተሰወረ ሕመምተኛ ይህን ሁሉ ያጣል፤ በደረቱ ውስጥ ስላለው መሣሪያ የመወሰን ሥልጣኑንም አብሮ ያጣል። ስለዚህ ኑዛዜውን የሚቀበሉት ሽማግሎች ስለ ቤቱና ስለ ርስቱ ሲጠይቁት፣ ስለ መሣሪያውም ቢጠይቁት ለልማዱ እንግዳ አይሆንም፤ ካህናትም ምት የሚያጠፋ ሐኪም ነፍስ እንደማያጠፋ ተረድተው የሚጨነቀውን ቤተ ዘመድ ቢያጽናኑ ትልቅ ምጽዋት ነው።

ንግግሩ መደረግ ያለበት ሰውየው ገና ጤነኛ አንደበት ሳለው ነው። መሣሪያው ከመተከሉ በፊት፣ ባትሪው አልቆ ሊለወጥ በታሰበበት ጊዜ (ያን ጊዜ ሁሉም ዝም ብሎ ይለወጣል እንጂ «ዛሬም ያስፈልጋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው)፣ መሣሪያው በተደጋጋሚ በመታ ጊዜ፣ ሌላ የማይድን ደዌ በተገኘ ጊዜ፣ «አታስነሡኝ» የሚለው ወረቀት በሚፈረምበትም ቀን። ሕመምተኛው ራሱ መናገር ባይችል ስለ እርሱ የሚወስን ወኪል በጽሑፍ መሰየም በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደ ነው፤ ወኪሉም የራሱን ፍርሃት ሳይሆን የወካዩን ፈቃድ የሚናገር ሰው ሊሆን ይገባዋል። የመጨረሻ ዘመኑን በአገር ቤት ለማሳለፍ የሚመለስ አረጋዊ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ይህን ይወስን፤ የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ በሌላው ፋብሪካ ማዘዣ አይታዘዝምና፣ በሄደበት ከተማ የእርሱን መሣሪያ የሚያዝ ኮምፒዩተር ላይገኝ ይችላል።

በደረታቸው መሣሪያ ያለባቸው እናት ወይም አባት ያላችሁ ሁሉ፣ ሲተከልላቸው የተሰጣቸውን ካርድ ዛሬ ፈልጋችሁ አውጡ፤ ፔስሜከር ይሁን ዲፊብሪሌተር ወይም ሁለቱን የያዘ እወቁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም እርሳቸው ባሉበት፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ መሣሪያው በመጨረሻ ሰዓት ምን እንደሚያደርግና ማን እንደሚያጠፋው ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ ማጥፋት አይደለም፤ እርሳቸው እስከ መጨረሻው ይሥራልኝ ካሉ፣ እንደ ፈቀዱት ይሠራል።